የጨው ቤቱ ምሰሶዎች

ኢንጂነር አዜብ የፊተኛውን ምሰሶ በመሰርሰሪያ ስትበሳው ከቀዳዳው ነጭ ዱቄት እየበነነ ወጣ። እሷ ዱቄቱን በትንሽ ላስቲክ ልትቀበል ጎንበስ ስትል እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበርና ሽታው ቀጥ ብሎ አፍንጫዬ ገባ። የእርጥብ ጨው ጆንያ ሽታ ነው። ጨው ይሸታል ስል ወጣቶቹ ይስቁብኛል፤ እውነታቸውን ነው፣ ጨው ለብቻው አይሸትም። ጨው ከጆንያ፣ ጆንያው ከክረምት ዝናብ፣ ዝናቡ ከበቅሎ ላብና ከናፍጣ ጭስ ጋር ሲገናኝ ግን የራሱ የሆነ ሽታ አለው። ምድር ቤቱ የነበረው የጨው መጋዘን ከተዘጋ ስንት ዘመኑ! መጀመሪያ ልብስ ሰፊ ገባበት፣ ቀጥሎ የፎቶ ኮፒ ቤት ሆነ፣ አሁን ሞባይል ይጠገንበታል። እኔ ሽታውም አብሮ የሄደ መስሎኝ ነበር። ለካ የትም አልሄደም፤ ምሰሶው ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፤ ቁጭ ብዬ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ዕድሜ ልኬን የስፖርት አስተማሪ ነበርኩ፤ ተማሪዎቼ «ጋሼ ፊሽካ» ይሉኝ ነበር፣ ከተማው ውስጥ ዛሬም በዚያው ስም የሚጠሩኝ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች አሉ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቂጤ ከወንበር ጋር ሊስማማ አልቻለም። ይህንንም የምጽፈው አንድ መስመር ጽፌ፣ ተነሥቼ ግቢውን ዞሬ፣ ተመልሼ ሌላ መስመር እየጨመርኩ ነው። ነገሩ ወዲያና ወዲህ ቢልባችሁ ከዚያ የመጣ ነውና ታገሡኝ።

ቤቱ ከደብረ ማርቆስ ገበያ በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ ነው። በዘመኑ በዚያ መንገድ ብቸኛው ፎቅ እሱ ነበር። ምድር ቤቱ የጨው መጋዘን፣ ላይኛው አራት ክፍልና ወደ መንገዱ የወጣ ሰገነት፣ ሰገነቱን ከፊት የተሸከሙት ሁለት ምሰሶዎች። ያሠሩት አማቴ አቶ አየነው ናቸው፤ ጨው ነጋዴ ነበሩ። ሲሚንቶውም ብረቱም ዓባይን ተሻግሮ በመኪና ነው የመጣው፤ ሰዎች ከየገጠሩ ሊያዩት ይመጡ እንደነበር ሰምቻለሁ። ባለቤቴ ትርንጎ የተወለደችው እዚያው ላይኛው ክፍል ውስጥ ነው፤ ያደገችውም፣ የተዳረችውም፣ የወለደችውም እዚያው። ልጆቻችን አዲስ አበባ ናቸው። እኛ ሁለታችን ቀርተን ነበር፤ እሷ በየጧቱ ሰገነቱ ላይ ጋቢዋን ደርባ ፀሐይ ስትሞቅ፣ እኔ ደረጃውን ስወጣና ስወርድ።

ባለፈው ዓመት የክረምቱ መውጫ ላይ ከሰገነቱ ሥር የጭንቅላት መጠን ያለው ሲሚንቶ ተገንጥሎ ቆሞ በነበረ ባጃጅ ላይ ወደቀ። ባለ ባጃጁ ዳቦ ሊገዛ ወርዶ ነበርና ተረፈ፤ ሸራው ተቀደደ፣ ብረቱ ጎበጠ። ቀና ስንል ሲሚንቶው ከተገነጠለበት ቀይ ብረት ብቅ ብሎ ያየናል። ትርንጎ ከላይ አንገቷን አውጥታ «ማንን መታ?» አለች። ማንንም አልመታም ስንላት ተመልሳ ቁጭ አለች፤ እዚያው ሰገነቱ ላይ። ያን ቀን የያዘኝ ፍርሃት እስክንወጣ ድረስ አልለቀቀኝም። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰገነቱ የሄደ ዕለት ትርንጎ እላዩ ላይ እንዳትሆን።

ልጆቹ በስልክ ለመኗት፣ ጎረቤት ለመናት፣ የንስሐ አባቷ ሳይቀሩ መጥተው አንድ ሁለት ቃል አሉ። «እምቢ» አለች። ጮኻ አልነበረም፤ ትርንጎ ጮኻ አታውቅም። «የአባቴን ቤት ጥዬ የት እገባለሁ?» ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ ድንጋይ ናት። በመጨረሻ ኢንጂነር አዜብን አመጣሁ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የምታስተምር፣ አሮጌ የአርማታ ሕንፃዎች ውስጥ ያለው ብረት ምን ያህል እንደ ዛገ የምታጠና ሴት ናት፤ አባቷን ኳስ አጫውቼዋለሁ። ቤቱን ዞራ አየችና «አሁኑኑ ውጡ ለማለት በቂ ነገር የለኝም፤ ምንም የለም ለማለትም አልደፍርም። እስከሚቀጥለው ክረምት እየተመላለስኩ ልከታተለው፤ ከሰገነቱ ግን ብትርቁ ጥሩ ነው» አለች። ትርንጎ የሰማችው «እስከሚቀጥለው ክረምት» የሚለውን ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ የሰማሁት የቀረውን ነው።

ክትትሉ እንዲህ ነው። አዜብ ምሰሶው ውስጥ ያለውን የፌሮ ብረት አንድ ቦታ ላይ ገልጣ ሽቦ አሰረችበት። የሽቦው ሌላ ጫፍ መለኪያ ውስጥ ይገባል። ከመለኪያው ደግሞ ሌላ ሽቦ ይወጣና ሰማያዊ ፈሳሽ ከተሞላ፣ አፉ ላይ ስፖንጅ ካለው ዘንግ ጋር ይያያዛል። ምሰሶውን በውሃ ታረጥበዋለች፣ ዘንጉን ታስነካዋለች፣ ቁጥር ይወጣል። ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ነው፤ ወደ ታች እየወረደ በሄደ መጠን ብረቱ ውስጥ ለውስጥ እየተበላ የመሆኑ ነገር ይከፋል። ስንጥቆቹ ላይ ደግሞ ቀጭን መስታወት በሲሚንቶ ለጠፈችባቸው፤ ስንጥቁ ከሰፋ መስታወቱ ይሰበራል። ግድግዳውንም በመዶሻ እየመታች ታዳምጣለች፤ ጤነኛው ጥብቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተላቀቀው እንደ ባዶ ቅል ያስተጋባል። እሷ በወር አንድ ጊዜ ትመጣለች። እኔ መለኪያ ባይኖረኝም በየማለዳው ወርጄ መስታወቶቹን አያለሁ፣ ምሰሶዎቹን በጣቴ አንኳኳለሁ፣ በእጄ እዳብሳለሁ። ሞባይል ጠጋኙ «ጋሼ፣ ትኩሳት አላቸው?» እያለ ያሾፍብኛል።

አንድ ቀን አዜብ በሁለቱም ምሰሶዎች ላይ ቁጥሩ በጣም የሚወርደው ሥራቸው ላይና ከወገብ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለ አንድ ቦታ ላይ መሆኑ ግራ ገባት። «ሥሩስ ይሁን፣ እርጥበት አለ። ይኼ ከፍ ያለው ግን ምንድን ነው? ልስኑም እዚህ ጋ ጎድጉዷል። ማነው የፈቀፈቀው?»

«በቅሎ ነው» አልኳት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን አልቀለድኩም።

እስኪ ተነሥቼ ልምጣ።

እኔ ወደዚህ ከተማ ስመጣ ጠጉሬ ጎፈሬ ነበር፤ ሱሪዬ ከታች ሰፍቶ ጫማዬን የሚውጥ ቤልቦተም፣ ሸሚዜ ኮሌታው እስከ ትከሻ የሚደርስ። ከደሴ ተመድቤ ነው የመጣሁት። አውቶቡስ ያወረደኝ ቦታ ላይ ቆሜ፣ ከጮቄ ተራራ የሚመጣው ብርድ ያን ሰፊ ሱሪ እንደ ባንዲራ ሲያውለበልበው፣ «አንድ ዓመት፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን» ብዬ ለራሴ ማልኩ። አቶ አየነው ላይኛውን አንዱን ክፍል በወር በአሥራ ሁለት ብር አከራዩኝ። ያኔ ሻይ አሥር ሳንቲም ነው፤ ሰባ አምስት ሳንቲም የያዘ ሰው ጥብሱን ከነእንጀራው በልቶ ይጠግባል፣ ብር የሞላለት ጠላም ይጨምራል። ከመንገዱ ማዶ ሙዚቃ ቤት ነበር፤ አንዱን ካሴት ከጧት እስከ ማታ ያዞረዋል፤ ካሴቱ የሚንተባተብበት ቦታ ስላለ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ዘፈኑን ሲያንጎራጉር እዚያ ጋ ሲደርስ አብሮ ይንተባተባል። ዛሬ ያ ዘፈን በስልክ ሳይንተባተብ ሲወጣ እሰማዋለሁ፤ ለእኔ ግን የተሳሳተ ነው።

በገበያ ቀን ያ ቁልቁለት በሰውና በከብት ይሞላል። ከአምበር፣ ከይጁቤ፣ ከየገጠሩ ገበሬው ቁምጣውን ታጥቆ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ለከብቱ ጨው ሊገዛ ይመጣል። «አያ አየነው፣ እንዴት አደሩ?» ይባላል፤ የከብቱ፣ የዝናቡ፣ የለቅሶው ወሬ ይነሣል፤ ከዚያ ነው ሚዛኑ የሚወርደው። በቅሎዎቹን የሚያስሩት ከፊት ካሉት ከሁለቱ ምሰሶዎች ላይ ነው። በቅሎዎቹ ደግሞ ምሰሶውን ይልሱታል። ዝም ብሎ መላስ አይደለም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሮአቸውን ጥለው፣ ባለቤቱ ጎትቶ እስኪወስዳቸው ድረስ። ልስኑ በምላስ ቁመት ላይ ጎድጉዶ እንደ መስታወት ያብረቀርቅ ነበር። ሰው ሁሉ ያያል፣ ሰው ሁሉ ይስቃል። «የአያ አየነው ቤት ይጣፍጣል» ይባል ነበር። ሲሚንቶ ምን ሆኖ ጨው ጨው አለ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በቅሎ ይነግረናል ብሎስ ማን ያስባል።

ጨው ወደ ምሰሶው እንዴት እንደገባ ግን እኔ አውቃለሁ፤ ትርንጎን ያገኘኋት በዚያ ሰበብ ነውና። ከመጣሁ ገና ወር አልሞላኝም። ከመኪና ሲያወርዱ አንድ ጆንያ ደረጃው አፍ ላይ ፈነዳ። እኔ እንግዳ ነኝ፣ ደግ መምሰል እፈልጋለሁ፤ መጥረጊያ አነሣሁና ጨውን ጠራርጌ ወደ ደጅ ማውጣት ጀመርኩ። አቶ አየነው ከሚዛናቸው ተነሥተው እጄን ያዙኝ።

«አንተ ልጅ፣ በረከቴን ወዴት ነው የምትጠርገው?»

በጨው ነጋዴ ቤት ጨው ወደ ደጅ አይጠረግም። ወደ ደጅ የተጠረገ ጨው በረከቱን ይዞ ይሄዳል ይላሉ። የፈሰሰው ሁሉ ወደ ውስጥ፣ ቤቱን ወደ ተሸከሙት ምሰሶዎች ሥር ይጠረጋል። ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለዓመቱ ማርቆስ ደግሞ ወለሉ በውሃ ይታጠባል፤ ውሃውም በዚያው በኩል ነው የሚሄደው። ሁለቱ የፊት ምሰሶዎች ከውስጥ ጨዋማ ውሃ ይጠጣሉ፣ ከውጭ የረጠበ ጆንያ ይደገፍባቸዋል። በየበዓሉ፣ በየዓመቱ። እኔ ይህን ሕግ ሳላውቅ መጥረጊያውን እንደያዝኩ ክው ብዬ ስቆም ከደረጃው ላይ ሳቅ ሰማሁ። ቀና ስል አንዲት ረዥም ልጅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ትንፈቀፈቃለች። ትርንጎ ናት። አንድ ዓመት ያልኩት ነገር እዚያች ደረጃ ላይ አበቃ፤ እኔ ግን ማብቃቱን ገና አላወቅኩም ነበር።

ሽማግሌ በላክኩ ጊዜ አቶ አየነው ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው ሸኙና እኔን ለብቻዬ ጠሩኝ። «የወሎ ልጅ ነህ፣ ምግባርህ ጥሩ ነው። እግርህ ግን ቀላል ነው፤ ቆመህ እንኳ ትራመዳለህ። ልጄን እሰጥሃለሁ፣ ከዚህ ቤት ግን አታወጣትም» አሉኝ። እሺ አልኩ። ሰው ሲወድ እሺ የማይለው ነገር የለም። ሠርጋችን እዚያው ሰገነቱ ላይ ተጨፈረ፤ ያን ሁሉ ሰው ያኔ ተሸክሞ ነበር።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። እንዴት እንደተለወጠ የሚያውቁ ይጻፉት። እኔ የማስታውሰው ጨው በቀበሌ ሰልፍ መሆኑን፣ ሙዚቃ ቤቱ መዘጋቱን፣ ቤልቦተም ሱሪዬን ትርንጎ ፈትታ ለልጆች ቁምጣ መስፋቷን ነው። አቶ አየነው ዐረፉ። መጋዘኑ ባዶ ሆነ። እኔ በየዓመቱ ወደ ደሴ ዝውውር እጠይቃለሁ። አንዴ ተፈቀደልኝም። ትርንጎ ሰማችና «የአባቴን ቤት ጥዬ?» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ እኔም ቀረሁ። እውነቱን ልናገር፣ በቤቱ ቀንቻለሁ። ሰው በሰው ይቀናል፤ እኔ በአርማታ ቀናሁ። ያገባሁት ሴት ከእኔ ይልቅ ድንጋዩን ትወዳለች ብዬ ስንት ጊዜ ከንፈሬን ነክሻለሁ። ሰው ቤቴን ሲጠይቀኝ «የአቶ አየነው ቤት» እላለሁ እንጂ የእኔ ብዬ አላውቅም። ልጆች ወልጄ፣ ልጆች ድሬ፣ ጠጉሬ ነጥቶ፣ ደረጃውን ስወጣ አሁንም እንደ ተከራይ ኮቴዬን ቀስ አደርግ ነበር።

አዜብ ይህን ሁሉ ምሰሶው ሥር ቆማ ሰማችኝ። ያን በመሰርሰሪያ ያወጣችውን ዱቄት ላብራቶሪ አስመርምራ ስትመለስ ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም። «መምህር፣ የነገሩኝ ሁሉ ዱቄቱ ውስጥ አለ። ሥሩም በቅሎዎቹ የላሱትም ቦታ ጨው ጠጥቷል» አለች። ሲሚንቶ ጤነኛ ሲሆን ብረቱን ከዝገት ይጠብቀዋል፤ ጨው ውስጥ ለውስጥ ዘልቆ ብረቱ ጋ ሲደርስ ግን ያን ጥበቃ ያፈርሰዋል። ዝገት ደግሞ ከብረቱ የሰፋ ቦታ ይፈልጋል፤ እያበጠ ሲሄድ ሲሚንቶውን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ባጃጁ ላይ የወደቀው እንደዚያ ተገፍቶ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

ክረምቱ ገባ። የእኛ አገር ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ሰማዩ ጣራ ላይ ይተኛል። እኔ የባሰ ቅብጥብጥ አልኩ። ዝናቡ ጣራውን ሲመታ መስታወቶቹ የተሰበሩ ይመስለኛል፤ ጃንጥላ ይዤ እወርዳለሁ፣ አይቼ እመለሳለሁ፣ ጭቃ ይዤ ስለምገባ ትርንጎ ትቆጣለች። አዜብ በመጣች ቁጥር ቁጥሩ ወደ ታች ነው። በየወሩ ፊቷን አያለሁ፣ ሐኪም ፊት ላይ የምርመራ ውጤቱን እንደሚያነብ ሰው። አንድ ጧት ከግራው ምሰሶ ላይ ያለው መስታወት ለሁለት ተሰንጥቆ አገኘሁት። ደረጃውን በዚህ ዕድሜዬ ሁለት ሁለቱን ረግጬ ወጣሁ። ትርንጎ ሰገነቱ ላይ ምስር ትለቅማለች።

«ትርንጎ፣ ተነሽ። መስታወቱ ተሰብሯል።»

«ሌላ ይለጠፋል» አለች፤ ዓይኗን ከምስሩ አላነሣችም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልትገድይኝ ነው? ከነወንበርሽ መንገዱ ላይ ሳገኝሽ ምን ልሁን ነው የምትይው?»

 እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። ሰፌዱን አነሣሁና ወደ ውስጥ አስገባሁት፤ ተከትላ ገባች። ያን ቀን የሰገነቱን በር ከውስጥ በምስማር መታሁት። አልተቃወመችኝም፤ ስመታ ቆማ ታየኝ ነበር።

አዜብን ደውዬ ጠራኋት፤ በማግስቱ ሁለት ሠራተኞች ይዛ መጣች። በመጀመሪያ ሰገነቱን ከሥር በባሕር ዛፍ ግንድ አስደገፈችው። ከዚያ የግራውን ምሰሶ ሥር በትንሽ በትንሹ በመሮ አስከፈተችው። ሲሚንቶው ብዙም ሳይመታ እንደ ደረቀ ኩበት እየተላጠ መጣ። ብረቱ ታየ። የአውራ ጣት ውፍረት የነበረው ፌሮ ሽንብራ ሲቆረጥም እንደኖረ ጥርስ ተበልቶ፣ እርሳስ አክሎ፣ አንዱ ዘንግ ጭራሽ ተቆርጦ ቆሟል። ዙሪያው ያለው ዝገት ቅጠል በቅጠል ተደራርቧል። ከሥሩ ቡናማ ውሃ ይንጠባጠባል። አዜብ መለኪያውን ዘጋችው፤ የሚለካ ነገር አልቀረም።

ትርንጎ ነጠላዋን ተከናንባ ወርዳ ከእኔ ጎን ቆማለች። ጎንበስ ብላ አንድ የዝገት ቅርፊት አነሣችና በጣቶቿ መሐል ስታሸው ዱቄት ሆነ።

«እትዬ ትርንጎ» አለች አዜብ ቀስ ብላ፣ «ሰገነቱ ይፈርሳል። የቤቱ የኋላ ክፍል ይተርፍ ይሆናል፤ እሱንም ገና አያለሁ። እርስዎና መምህር ግን በዚህ ሳምንት መውጣት አለባችሁ።»

እኔ ለጠብ ተዘጋጅቻለሁ። ቃላቱን ሁሉ ደርድሬ ጨርሻለሁ፤ ልጆቹን እጠራለሁ፣ ቀበሌ እሄዳለሁ፣ ካልሆነ ተሸክሜ አወጣታለሁ።

«የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል ብልህ ያለቅሳል ይሉ ነበር አባቴ» አለች ትርንጎ። እጇን በነጠላዋ ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች። «በል እንግዲህ፣ ቤት ፈልግ። ምድር ላይ ያለ ይሁን፤ ደረጃ ሰልችቶኛል።»

ይኸው ነው። ያን ሁሉ ወር ስንለምናት የኖርነው ሴት በዚህ ቃል ወጣች። በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ተሰብስቦ አልጋውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ ድስቱን በጋሪ አወጣልን። እሷ ዕቃ ስታስጭን፣ ይህን በዚህ፣ ያን በዚያ ስትል፣ አንዴም ቀና ብላ ሰገነቱን አላየችም። ወደ ሆስፒታሉ በኩል ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ተከራየን፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ምሰሶው ባሕር ዛፍ፣ ጣራው ቆርቆሮ። ከቆርቆሮው ሌላ ብረት ያለው የበሩ ማጠፊያ ላይ ብቻ ነው። ትርንጎ በገባችበት ቀን ደጁ ላይ ጎመን ተከለች።

መግቢያ ያጣሁት እኔ ነኝ። ጧት ጧት ተነሥቼ እግሬ ወደዚያ ቁልቁለት ይወስደኛል። ቤቱን በቆርቆሮ አጥረውታል። በቀዳዳ አጮልቃለሁ። ሰገነቱ ከላይ እየተቆረጠ ሲወርድ አየሁ፤ ሠርጋችን የተጨፈረበት ወለል በአካፋ ሲዛቅ፣ ብረቱ ለብቻው ሲከመር፣ ቁራሊዮ ሲመዝነው። ዘበኛው ለምዶኛል፤ አንዳንድ ቀን ያስገባኝና የቀሩትን የኋላ ምሰሶዎች አንኳኩቼ እወጣለሁ። እነሱ ድምፃቸው ጥብቅ ነው። ስመለስ እናደዳለሁ። የአባቷ ቤት ነው፣ እሷ ጎመን ትኮተኩታለች፤ እኔ የሰው አገር ሰው፣ ያን ሁሉ ዘመን ልውጣ ልውጣ ስል የኖርኩት፣ በቆርቆሮ ቀዳዳ እንባዬ ይመጣል። ይህ ፍርድ ነው?

ትናንት ከዚያ ስመለስ ትርንጎ ደጁ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣ ነበር። አልቻልኩም፣ ጠየቅኳት።

«ትርንጎ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። ስንለምንሽ እምቢ ብለሽ እንዴት በአንድ ጊዜ እሺ አልሽ? ብረቱን ስላየሽ ነው?»

«ብረቱማ እንደሚበላ አውቅ ነበር። አዜብ በየወሩ ትናገር አልነበረ?»

«ታዲያ?»

ጎመኑን አየች እንጂ እኔን አላየችኝም። «እኔ ያን ቤት መች ወደድኩት? ጨው ያቃጠለው እጅ ነው ያሳደገኝ። ክረምት ሲመጣ ግድግዳው ያልባል፣ ልብሱ አይደርቅ፣ ዳቦው ይሻግታል። እኔ የያዝኩት አንተን ነው።»

«እኔን?»

«አዎ አንተን። ከመጣህበት ቀን ጀምሮ ለመሄድ የተነሣህ ሰው ነህ። በየዓመቱ ደሴ ደሴ ትላለህ። ለአባቴ ቃል ሰጥተሃል፤ ቃልህን ደግሞ ታከብራለህ። ቤቱ ካለ ቃሉ አለ፣ ቃሉ ካለ አንተ አለህ። ቤቱ ከወደቀ ምን ይይዘዋል ብዬ ነው። ሰው እንዲህ ይፈራል።»

 ዕድሜ ልኬን የቀናሁበት ቤት፣ እሷ በእኔ ላይ የዘጋችው በር ነበር። «እና አሁን እንዴት ለቀቅሽኝ?» አልኳት።

«ምሰሶዎቹን ስታያቸው ሳይህ ነዋ። በየማለዳው ትወርዳለህ፣ ታንኳኳለህ፣ ትዳብሳለህ፣ በዝናብ ጃንጥላ ይዘህ ትሮጣለህ። ከላይ ሆኜ አይህ ነበር። የሚሄድ ሰው ትቶት የሚሄደውን ቤት ምሰሶ በየጧቱ አይዳብስም። የሰገነቱን በር በምስማር ስትመታ ደግሞ አለቀስክ፤ ያላየሁ መስሎሃል።»

  እሷ ጉልበቷን ታሻሻለች፣ ከሆስፒታሉ በኩል ባጃጅ ይንጫጫል፣ እኔ መቀመጥ አቃተኝና ብድግ አልኩ። ትርንጎ ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ከወንበር በተነሣሁ ቁጥር፣ በሕይወታችን ሁሉ፣ እንደዚያ ቀና ትላለች። ንዝንዝ ይመስለኝ ነበር። ፍርሃት መሆኑን ትናንት አየሁት።

«ወዴት ነህ?» አለችኝ።

«ጫማዬን ላወልቅ ነው» አልኳት።